ሎይድ ጆርጅ፦ 55 ዓመት ገደማ በአንድ ወንበር፣ ከ18 ድምፅ ብልጫ እስከ ሰኔ 1928 ዓ.ም.

መዝገቡ (ክሩን የከፈተ)

ኢትዮጵያን በመውረሯ በኢጣሊያ ላይ ተጥሎ ስለ ነበረው ማዕቀብ መነሣት በተወያየን ቁጥር የዴቪድ ሎይድ ጆርጅ ስም ስለሚጠቀስ፣ ለሰውዬው ራሱን የቻለ ክር መክፈት ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። አብዛኞቻችን የምናውቀው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር እንደ ነበረ ነው። እኔ ግን ለውይይት ላቀርበው የምፈልገው እንደራሴነቱን ነው። በጠቅላይ ሚኒስትርነት የቆየው ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላም፤ በሰሜን ምዕራብ ዌልስ የካርናርቨን ከተሞች ተወካይ ሆኖ ግን ከኤፕሪል 1890 እስከ 1945 መጀመሪያ አንድም ምርጫ ሳይሸነፍ 55 ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ተቀምጧል። (ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ቁጥሮቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምርጫ ክልሉ ካርናርቨንን፣ ባንጎርን፣ ኮንዊን፣ ክሪክየትን፣ ኔቪንንና ፑልሄሊን የሚያጠቃልል፣ ከተሞቹ እርስ በርሳቸው የተራራቁ፣ መራጩም ጥቂት የሆነ ነበር። በ1890 በተካሄደው የማሟያ ምርጫ የ27 ዓመቱ የሊበራል ፓርቲ ጠበቃ 1,963 ድምፅ፣ ተፎካካሪው 1,945 ድምፅ አገኙ። ተፎካካሪው ደግሞ ሎይድ ጆርጅ ያደገበት መንደር ባለርስት ነበር፤ የጫማ ሰፊ የእኅት ልጅ የመንደሩን ጌታ በ18 ድምፅ አሸነፈ ማለት ነው። ቆጠራው ተደግሞም ውጤቱ ጸና። በዚያ ዘመን የምክር ቤት አባል ደመወዝ የለውም። በመሆኑም በ1905 ሚኒስትር እስኪሆን ድረስ ለ15 ዓመታት ቤተሰቡ ይተዳደር የነበረው በዋናነት ወንድሙ ዊልያም ክሪክየት ላይ ተቀምጦ በሚያካሂደው የጥብቅና ሥራ ገቢ ነው። ሎይድ ጆርጅ የገንዘብ ሚኒስትር በሆነ ጊዜ፣ በ1911፣ ለአባላቱ በዓመት 400 ፓውንድ እንዲከፈል ያደረገው ችግሩን በራሱ ቤት ስላየው ይመስለኛል።

ወደ እኛ ጉዳይ ስመጣ፣ ሰኔ 11 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማለትም ጁን 18 ቀን 1936፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አንቶኒ ኢደን መንግሥት ማዕቀቡ እንዲነሣ እንደሚፈልግ ለምክር ቤቱ አስታወቀ። ፋሺስቶች አዲስ አበባ ከገቡ ገና 44 ቀናቸው ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ለንደን ናቸው። ያን ዕለት ሎይድ ጆርጅ ተነሥቶ፣ በዚህ ምክር ቤት ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ስቀመጥ አንድ የብሪታንያ ሚኒስትር መጥቶ ተሸንፈናል፣ የጀመርነውን ትተናል ሲል ሰምቼ አላውቅም አለ። ንግግሩንም የፈሪ እጅ መስጠት ብሎ ከደመደመ በኋላ በጣቱ ወደ ሚኒስትሮቹ ወንበር እያመለከተ፣ ፈሪዎቹም እነዚያው ናቸው አለ።

እኔን የሚያሳስበኝ ጥያቄ ይህ ነው። ያን ዕለት ሎይድ ጆርጅ ሥልጣን ከለቀቀ 14 ዓመት ሆኖታል፤ ፓርቲው ተበታትኗል፤ ከእርሱ ጋር የቀሩት ጥቂት የቤተሰቡ አባላት ናቸው። ታዲያ ለንግግሩ ክብደት የሰጠው የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ነው ወይስ ከዚያች ትንሽ የምርጫ ክልል ማንም ሊነቅለው አለመቻሉ? የእኔ መልስ ሁለተኛው ነው። ሹመት የማይጠብቅና መራጩን የማይሰጋ ሰው ብቻ ነው እንዲህ ሊናገር የሚችለው።

ጽጌ ዘካርዲፍ

ክሩ ስለ ተከፈተ አመሰግናለሁ። ዌልስ ውስጥ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ ሰውዬውን በሰፈሩ በኩል ባስተዋውቃችሁ ደስ ይለኛል።

በመጀመሪያ የተወለደው ዌልስ አይደለም፤ በ1863 ማንቸስተር ከተማ ነው። አባቱ መምህር ነበሩ፤ ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በሳንባ ምች ሞቱ። እናቲቱ ልጆቿን ይዛ ላኒስቲምዱ ወደምትባለው መንደር፣ ወደ ወንድሟ ወደ ሪቻርድ ሎይድ ቤት ገባች። አጎትየው በሳምንቱ ቀናት ጫማ ይሰፋሉ፤ እሑድ ደግሞ ያለ ደመወዝ ለአንዲት ትንሽ የባፕቲስት ማኅበር ይሰብካሉ። ልጁ የአጎቱን ስም በአባቱ ስም ላይ የደረበው ለዚህ ውለታ ነው። ቤቱ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ሲሆን፣ የጫማ መስፊያው ክፍል ከጎኑ አለ። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የክፍሉ ጥበት ያስገርማል፤ የእንግሊዝን መሳፍንት ያንቀጠቀጠ ሰው የተኮተኮተው እዚያ ውስጥ ነው ብሎ ለማመን ያስቸግራል።

ለመመረጥ ያበቃው ግን አንድ የቀብር ጉዳይ ነው። በ1888 ላንቭሮዘን በምትባል መንደር አንድ ሽማግሌ የድንጋይ ካባ ሠራተኛ ከሴት ልጃቸው መቃብር አጠገብ እንዲቀበሩ ተናዝዘው አረፉ። ሰውዬው የመንግሥቱ (የአንግሊካን) ቤተ ክርስቲያን አባል አልነበሩም፤ ቄሱም በእኛ ሥርዓት ካልሆነ አይቀበሩም ብለው በሩን ቆለፉ። ቤተሰቡ ወጣቱን ጠበቃ ሲያማክር፣ የ1880ው የመቃብር ሕግ ከእናንተ ጋር ነው፤ በሩን ሰብራችሁ ገብታችሁ ቅበሩ አላቸው፤ እነርሱም ሰብረው ገብተው ቀበሩ። ቄሱ ከሰሱ። ጉዳዩ ከአካባቢው ፍርድ ቤት ተነሥቶ እስከ ለንደን ደረሰና በዚያው ዓመት መጨረሻ ለቤተሰቡ ተፈረደ። ለቀብርና ለዘመድ አጥንት ያለንን ስሜት የምታውቁ ሁሉ፣ ይህ ወሬ በዌልስ መንደሮች ምን ያህል እንደ ተናፈሰ መገመት አያቅታችሁም። ሕዝቡ ከብሔረ ስብከቱ የተለየ ቤተ ጸሎት ያለው፣ በቤቱ ዌልስኛ የሚናገር፣ ግብሩንና የመሬት ኪራዩን ግን እንግሊዝኛ ለሚናገር ባለርስት የሚከፍል ነበር። ሎይድ ጆርጅ የመጀመሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ያልሆነ ብቸኛው የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው ሲባልም ከዚህ መጥቶ ነው።

ነቃሽ

የሁለታችሁንም ጽሑፍ በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ሰኔ 11ን ብቻ መዝዘን ስናመሰግነው ከዚያ በፊት የነበረው መዝገብ እንዳይዘነጋ እሰጋለሁ።

በዲሴምበር 1906 ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በጥቅም ቀጠና የሚከፋፍል ስምምነት ለንደን ላይ ሲፈራረሙ ሎይድ ጆርጅ የንግድ ሚኒስትር ነበር። ዐፄ ምኒልክ ውሉ ከተዘጋጀ በኋላ ነው የተነገራቸው። በኤፕሪል 1915 ኢጣሊያን ወደ ጦርነቱ ለማስገባት በተፈረመው የለንደን ምስጢራዊ ውል ደግሞ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ የጀርመንን የአፍሪካ ግዛቶች ወስደው ከሰፉ ኢጣሊያም በአፍሪካ ካሣ እንድትጠይቅ የሚፈቅድ አንቀጽ፣ 13ኛው፣ ገብቶ ነበር። ያን ጊዜም የገንዘብ ሚኒስትሩ ራሱ ነው። ውሎቹን የተደራደረው እሱ አይደለም፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የግሬይ ሥራ ነበር። ቢሆንም በካቢኔ ውስጥ ተቀምጦ ዝም ያለ ሰው ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ ተነሥቶ ሌላውን ፈሪ ሲል፣ የእኔም እጅ አለበት ማለት ነበረበት። ረጅም ዘመን ማገልገል እንደ ጀብዱ ሲቆጠር ያስቸግረኛል፤ ብዙ በተቀመጡ ቁጥር ዝም የተባለባቸው ቀኖችም ይበዛሉና።

መዝገቡ

ነቃሽ፣ ስለ 1906ቱና ስለ 1915ቱ ያነሡት ትክክል ነው፤ በመግቢያዬ አለመጥቀሴም ጉድለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዝም ያላለባቸው ቀኖችም ነበሩ፤ ያውም ነፍሱን ሊያስከፍሉት የደረሱ። ብሪታንያ በደቡብ አፍሪካ ባካሄደችው የቦር ጦርነት ጊዜ አገሩ በሙሉ በድል ስሜት ሲሰክር ጦርነቱን አጥብቆ ተቃወመ። በዲሴምበር 1901 የጦርነቱ ዋና አቀንቃኝ የጆሴፍ ቼምበርሌን ከተማ ወደ ሆነችው በርሚንግሃም ሄዶ ሊናገር ሲሞክር ሕዝቡ አዳራሹን ሰብሮ ገባ፤ ሎይድ ጆርጅ የፖሊስ ልብስ ለብሶ ከፖሊሶች ጋር ተሰልፎ በመውጣት ነው የተረፈው። የጆሴፍ ልጅ ኔቪል ቼምበርሌን በጁን 1936 ማዕቀቡን የበጋ እብደት ነው ብሎ ያጣጣለው የገንዘብ ሚኒስትር መሆኑን ልብ ይሏል። ከአባት የጀመረ ጠብ ልጅ ላይ ደረሰ።

ሠናይት

እኔ የምሠራው ከጡረታና ከማኅበራዊ ዋስትና ጋር በተያያዘ መሥሪያ ቤት በመሆኑ፣ የሰውዬውን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ከጦርነት ጋር ሳይሆን ከጡረታ መዋጮ ጋር ነው። ስለዚህ ይህን ጎን ሳላነሣ ማለፍ አልወድም።

የአረጋውያን ጡረታ ሕግ በ1908 ወጣ። ረቂቁን ያሰናዳው ከእርሱ በፊት የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው አስኪዝ ቢሆንም፣ በምክር ቤት ተከራክሮ ያሳለፈው ሎይድ ጆርጅ ነው። ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 1909 ጀምሮ ዕድሜው 70 የሞላ ድኻ በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ ከፖስታ ቤት መቀበል ጀመረ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው ጥያቄ በዚያው ዓመት ያቀረበው በጀት ከሀብታሞች ገቢ፣ ከውርስና ከመሬት ዋጋ ጭማሪ ላይ ግብር የሚጥል ነበር። ባለርስቶቹ ጮኹ። እሱም በየአዳራሹ እየዞረ አፌዘባቸው፤ አንድ መስፍን ከነሙሉ ትጥቁ ለማኖር የሚያስወጣው ወጪ ከሁለት የጦር መርከቦች አያንስም ያለው ያን ጊዜ ነው። የሎርዶች ምክር ቤት በጀቱን ጣለው። በ1910 ሁለት ጠቅላላ ምርጫ ተደርጎ፣ በ1911 በወጣው ሕግ ሎርዶቹ የገንዘብ ሕግ የመሻር ሥልጣናቸውን አጡ።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የ1911 ብሔራዊ የመድን ሕግ ነው፤ አሠራሩም ቀላል ነበር። ሠራተኛው በሳምንት 4 ፔንስ፣ አሠሪው 3 ፔንስ፣ መንግሥት 2 ፔንስ ያዋጣሉ፤ ሠራተኛው ሲታመም ሐኪም ያገኛል፣ ከሥራ ለቀረበትም ጊዜ ገንዘብ ይከፈለዋል። በ4 ፔንስ 9 ፔንስ እያለ ነበር ለሕዝብ የሚያስረዳው። ጉድለቱ፣ ሐኪሙን የሚያገኘው ሠራተኛው ብቻ እንጂ ሚስቱና ልጆቹ አልነበሩም፤ ይህ ክፍተት የተደፈነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኤብዋ ቬል ተወካይ በሆነው በሌላው ዌልሳዊ፣ በአናይሪን ቤቫን ነው። እኛ አሁን መዋጮ ስንሰበስብ፣ አሠሪው ይህን ያህል ሠራተኛው ይህን ያህል እያልን የምንጽፈው ቅጽ ከዚያ አስተሳሰብ ብዙም አልራቀም። ከመሥሪያ ቤታችን ባለጉዳዮች መካከል ከደመወዙ ላይ ስለምትቆረጠዋ ሂሳብ የማያማርር አላጋጠመኝም፤ በ1911ም እንዲሁ ነበር፤ የቤት እመቤቶች በሠራተኞቻቸው ካርድ ላይ የመዋጮ ቴምብር አንለጥፍም ብለው ለንደን ላይ ትልቅ ስብሰባ ጠርተዋል።

ነቃሽ

ወይዘሮ ሠናይት ያሉትን አልክድም፤ የሠራው ሥራ ግልጽ ነው። ሆኖም አሁንም ሁለት ነገር ይቀራል።

አንደኛው የማዕረግ ሽያጩ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ሳለ የናይትነትና ሌላም ማዕረግ በገንዘብ ይገኝ እንደ ነበር፣ ገንዘቡም በእርሱ ቁጥጥር ሥር ወደ ነበረ የፖለቲካ ካዝና ይገባ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ነገሩ በ1922 ቅሌት ሆኖ ወጣ፤ በ1925ም ይህን የሚከለክል ሕግ ወጣ። በመሳፍንት ላይ ያፌዘ ሰው አዳዲስ መሳፍንት በዋጋ ሲፈለፍል ማየት ያሳፍራል።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። በጁን 1936 ለኢትዮጵያ የተቆጣው ሰው፣ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በሴፕቴምበር 4 ቀን በርክተስጋደን ሄዶ ከሂትለር ጋር ሻይ ጠጣ። ተመልሶም በዴይሊ ኤክስፕረስ ጋዜጣ ሰውዬውን የጀርመን ጆርጅ ዋሽንግተን ብሎ አሞገሰው። ባንድ ራስ ሁለት ምላስ ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? መዝገቡ፣ ሹመት የማይጠብቅና መራጩን የማይሰጋ ሰው እውነትን ይናገራል የሚለውን ክርክርዎን ይኸው ጽሑፍ ያፈርሰዋል። ያው ነጻነት ስሕተትንም ያናግራል፤ ከልካይ የለውምና።

የቀድሞው መምህር

ልጆቼ፣ ክርክራችሁ ጨዋነት ስላለው ደስ ብሎኛል። ለብዙ ዓመት ታሪክ ሳስተምር የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ጥቂት ቃል ልጨምር።

ነቃሽ ያነሣው የሂትለር ጉብኝት ሊሸፈን የማይገባው ነው። ሎይድ ጆርጅ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጀርመን ጋር የተደረገውን የቬርሳይን ውል ከፈረሙት አንዱ ነበርና፣ ጀርመን ከልክ በላይ ተቀጣች የሚል ጸጸት ነበረበት፤ ሥራ አጥነትን በመንገድና በሕዝብ ሥራ እናጥፋ የሚለውን የራሱን ዕቅድ አገሩ ስላልተቀበለችው፣ እዚያ የሚሠራውን መንገድ ሲያይ ልቡ ተማረከ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ሆነበት። ይህን የምለው ለማስረዳት እንጂ ጥፋቱን ለማቅለል አይደለም። በ1938 ግን ከቼኮስሎቫኪያ ግዛት ቆርሶ ለሂትለር የሰጠውን የሙኒክን ስምምነት ተቃውሟል።

አሁን ወደ ሰኔ 11 ልመለስ። ንግግሩን ከሌሎቹ የሚለየው ቁጣው ብቻ አይደለም። ከሰባት ወር በፊት፣ በኖቬምበር 1935 ምርጫ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የቦልድዊን መንግሥት ከመንግሥታት ማኅበር ጎን እንቆማለን እያለ ነበር ድምፅ የለመነው። ሎይድ ጆርጅ ያንኑ የምርጫ ቃላቸውን እያነበበ ነው ፈሪዎች ወደሚለው የደረሰው፤ ጠበቃ ነበርና ተከሳሹን በገዛ ቃሉ ያዘው። ተማሪዎቼን ይህን ቦታ ሳስተምር ሁልጊዜ የምጠይቃቸው፣ ለኢትዮጵያ ሲል ነው የተናገረው ወይስ ቦልድዊንን ለመምታት ብሎ የሚል ነበር። አብዛኞቹ አንዱን ይመርጡ ነበር። አንዲት ተማሪ ግን፣ ጋሼ፣ ጠበቃ ደንበኛውን ባይወደውስ ምን ቸገረው፣ ክርክሩ ትክክል ከሆነ፣ ብላኛለች። እስካሁን ለእርሷ የሚሆን መልስ አላገኘሁም።

ምክር ቤቱ ያን ዕለት አልሰማውም፤ ማዕቀቡም በጁላይ ተነሣ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው በሰኔ ወር፣ በ23ኛው ቀን (ጁን 30)፣ ጄኔቭ ላይ ሲናገሩ ነገሩ ያለቀለት ነበር። አራት ዓመት ግን አለፈና፣ በሜይ 8 ቀን 1940፣ የኖርዌይ ዘመቻ ከከሸፈ በኋላ ምክር ቤቱ ሲወያይ፣ ሎይድ ጆርጅ በዕለቱ ለመናገር እያመነታ በክፍሉ ተቀምጦ ነበር። ሴት ልጁ ሜጋን፣ እርሷም የአንግልሲ ተወካይ ናት፣ ሄዳ ጠርታ አመጣችው። 77 ዓመቱ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኔቪል ቼምበርሌን ሕዝቡን መሥዋዕትነት እንዲከፍል እየጠየቀ ነውና ምሳሌ ይሁን፣ የሥልጣን ማኅተሙን ይሠዋ፣ ለድሉ ከዚህ የሚበልጥ አስተዋጽኦ የለም አለ። በማግሥቱ ሳይሆን በዚያው ሌሊት በተሰጠው ድምፅ የመንግሥቱ ብልጫ ወደ 81 ወረደ፤ በሁለተኛው ቀን ቼምበርሌን ወረደ። በ1936 ማዕቀቡን እብደት ያለው ያው ሰው ነው።

ጽጌ ዘካርዲፍ

ጋሼ፣ ሜጋንን ስላነሡ አንድ ያልተነገረ ነገር ልጨምር። መራጩን የማይሰጋ ሰው ነበር ሲባል፣ መራጩን ማን ይዞለት እንደ ነበር መጠየቅ አለበት። እሱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ለንደን ነው፤ ጸሐፊው ከነበረችው ከፍራንሰስ ስቲቨንሰን ጋርም ለ30 ዓመት ያህል እንደ ሁለተኛ ትዳር የሚቆጠር ኑሮ ነበረው። ባለቤቱ ማርጋሬት ለንደንን ስላልወደደችው ብዙውን ጊዜ ክሪክየት ትኖር ነበር። ቤተ ጸሎት የምትሄደው፣ ቀብር የምትደርሰው፣ በየከተማው በዌልስኛ ንግግር የምታደርገው እርሷ ናት። ሎይድ ጆርጅን ለ55 ዓመት የመረጠው ሕዝብ ከግማሽ በላይ ለሚሆነው ጊዜ ያየው ፊት የማርጋሬትን ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ወንድሙ ገቢውን፣ ሚስቱ መራጩን ያዙለት። መዝገቡ የሚያደንቁት ነጻነት በእነዚህ ሁለት ሰዎች ጫንቃ ላይ የቆመ ነበር።

መዝገቡ

ወይዘሮ ጽጌ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ክርክሬን በከፊል አስተካክላለሁ። ወንበሩ ነጻ አደረገው ያልኩት እውነት ነው፤ የነጻነቱን ዋጋ የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው። ለነቃሽም እንዲሁ፤ ነጻነቱ ለትክክለኛውም ለተሳሳተውም ንግግር በር ከፍቷል። ያም ሆኖ፣ በሰኔ 1928 ዓ.ም. በዚያ ምክር ቤት ውስጥ እንዲህ የሚናገር አንድም ሰው ባይኖር እመርጥ ነበር ወይ ብባል፣ አልመርጥም።

ሠናይት

በመጨረሻ ከወንበሩ እንዴት ተነሣ? ተሸንፎ ነው?

ጽጌ ዘካርዲፍ

አልተሸነፈም። በምክር ቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅ የሰጠው በፌብሩዋሪ 1943 ነው፤ ያውም ለቤቨሪጅ የማኅበራዊ ዋስትና ሪፖርት፣ መንግሥትን በመቃወም። እርስዎን ደስ እንደሚያሰኝዎ አልጠራጠርም። ከዚያ ጤናው እየደከመ ሄደ፤ በ1945 መጀመሪያ የአርልነት ማዕረግ ተቀብሎ ወንበሩን ለቀቀ፤ ግን በሎርዶች ምክር ቤት አንድም ቀን ሳይቀመጥ በማርች 26 ቀን በዚያችው በልጅነት መንደሩ ሞተ። ማዕረጉን በመቀበሉ የቀድሞ ወዳጆቹ ብዙ ታዝበውታል።

መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አይደለም። ከመንደሩ ወጣ ብሎ፣ ከዱዊቮር ወንዝ ዳር፣ ዛፍ ሥር ነው። ላዩ ላይ የተቀመጠው በሕይወት ሳለ ይቀመጥበት ነበር የሚባል ትልቅ ድንጋይ ነው። እኔ የሄድኩ ዕለት ዝናብ ነበር፤ የወንዙ ድምፅ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ድንጋዩ ላይ አንድ ሰው ያስቀመጠው የረጠበ የዳፎዲል አበባ ነበረ።